የእኛ ክረምት ዝናብ እንጂ በረዶ አይደለም!

«የክረምት ጎማ ነው ጋሼ፤ ዝናቡ ሳይገባ ያስገጥሙት።»

ግንቦት ማለቂያ ላይ ነበር። ባሕር ዳር በሙቀት የምትታፈንበት፣ ከሰዓት በኋላ በጣና በኩል ጥቁር ደመና መቆለል የሚጀምርበት ጊዜ። የኤሌክትሪክ መኪናዬ የኋላ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ስለነበር የጎማ ሻጩ ልጅ ንግግር ሁሉ ልክ መስሎ ታየኝ። ክረምት እየመጣ ነው፣ ጎማው የክረምት ነው፣ ሌላ ምን ይፈለጋል? ከፈልኩ፤ አስገጠምኩ። ነሐሴ ላይ ሰው ልገድልበት ነበር።

ከአየር ማረፊያ ሁለት እንግዶች ጭኜ ወደ ከተማ እየገባሁ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ ውኃው በዘንባባዎቹ ሥር ተኝቷል፣ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር አልበለጥኩም። አንዲት ልጅ ፌስታል በራሷ ላይ አጥልቃ፣ የተጠበሰ በቆሎ በእጇ ይዛ፣ ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ድንገት ወደ መንገዱ ገባች። ፍሬን ያዝኩ። የመኪናዋ ፊት ታዘዘኝ፤ ኋላዋ ግን እንደ ሳሙና አሟልጮ ወደ ግራ ሄደ። ስንቆም በእኛና በልጅቷ መካከል አንድ ክንድ ቢቀር ነው። በቆሎዋ ውኃ ውስጥ ወድቋል። አየችኝ፣ ጎንበስ ብላ በቆሎዋን አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገችውና ሮጠች። እኔ እጄን ከመሪው ላይ ማላቀቅ አቅቶኝ ቆየሁ። ከኋላዬ የተቀመጡት እንግዶች አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ያን ምሽት በስልኬ መብራት ጎማውን ዙሪያውን አነበብኩት። ከመግዛቴ በፊት ላደርገው ይገባኝ ነበር፤ አላደረግሁትም። ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ ተስሏል፤ በተራራው ውስጥ የበረዶ ቅንጣት አለ። ከሥሩ «ዊንተር» ይላል። ልጁ አልዋሸኝም ማለት ነው። ዊንተርን መዝገበ ቃላቱ እንደሚለው «ክረምት» ብሎ ተረጎመልኝ። ግን ወገኖቼ፣ የፈረንጅ ዊንተር እኮ የእኛ በጋ የሚውልባቸው ወራት ናቸው! ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት። በረዶ መንገድ ላይ የሚጋገርበት ብርድ ነው። ያ ጎማ የተሠራው ከ7 ዲግሪ በታች እንዳይደርቅ ተብሎ ከለስላሳ ላስቲክ ነው፤ ጥርሱም በምላጭ የተበጣ ይመስል በቀጫጭን ስንጥቅ የተሞላው በረዶ እንዲነክስ ነው። የባሕር ዳር ሐምሌና ነሐሴ ሌሊቱ እንኳ 13 እና 14 ዲግሪ ነው። እንዲህ ባለ ሙቀት ያ ለስላሳ ጥርስ ከመኪናው ክብደት በታች ይዋልላል፤ ፍሬን ሲያዝ መቆሚያው ይረዝማል፤ ላስቲኩም እንደ እርሳስ ማጥፊያ ተፍቆ ያልቃል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ስሙ ነው። ፈረንጆቹ «የበጋ ጎማ» የሚሉት ነው ለእኛ ክረምት የሚሆነው። የእነርሱ የበጋ ጎማ በሞቀ ዝናብ ላይ ይይዛል፤ ውኃ የሚያስወጡት ቦዮቹም ሰፋፊ ናቸው። የእኛ ዝናብ ደግሞ የሞቀ ዝናብ ነው፤ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሚጥልብን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። እንግዲህ ሰው ሱቅ ገብቶ «ክረምት ስለደረሰ የበጋ ጎማ ስጠኝ» ይበል? ማን ይለዋል? ገዥውም ሻጩም በስሙ ይሳሳታሉ፣ መንገዱ ላይ ግን በቆሎ የያዘች ልጅ አለች።

በማግስቱ ዞርኩ። አንዱ ነጋዴ «እንግዲያው ለአራቱም ወቅት የሚሆን ልስጥዎት» አለኝ። በዚህ ላይ ሐቀኛ ልሁን፤ ባለ አራት ወቅት ጎማ ክፉ ነገር አይደለም። ዊንተሩ ለዘብ ያለ፣ በረዶ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚልበት አገር የሚኖር ሰው በዓመት ሁለቴ ጎማ ከሚቀያይር አንዱን ቢገጥም ብልህ ነው። ግን ጎማው የመሀል ዕቃ ነው። ለበረዶውም ለሙቀቱም ትንሽ ትንሽ ይሰጣል፣ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይወስዳል። እኛ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች በታኅሣሥ ማለዳ ጋቢ ደርበን እንወጣለን እንጂ በረዶ ጠርገን አናውቅም። ለማንነካው በረዶ ሲባል የላስቲኩን ዕድሜና የባትሪውን ጉዞ ለምን እንገብራለን? ያም ሆኖ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ዓመት የተሠራ ባለ አራት ወቅት ጎማ ባገኝ እገጥመዋለሁ። ያረጀ የበጋ ጎማ ከሚሰጡኝ አዲስ ባለ አራት ወቅት ይሻለኛል። የቸገረኝ ያንንም ማግኘት ነው!

መጠኑን ላስረዳ። የእኔ መኪና የፊቱና የኋላው ጎማ ስፋቱ ይለያያል፤ ፊት 235/55 አር 19፣ ኋላ 255/50 አር 19። የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ አር 19 ደግሞ የቸርኬው መጠን። ስለዚህ ሲያልቁ ከፊት ወደ ኋላ አዘዋውሬ ዕድሜ ልጨምርላቸው አልችልም። የምትነዳው በኋላ እግሯ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ከቆመበት ሲነሳ ጉልበቱን በአንዴ ይለቃል፣ እግር ከፔዳሉ ሲነሳም ኃይል ለመመለስ እነዚያኑ ጎማዎች ይዞ ይጎትታል። ባዶዋን ከሁለት ቶን በላይ ትመዝናለች፤ ባትሪው ነው። በዚህ ክብደት ላይ የሞተሩ ጉልበትና ጉተታ ሁሉ የሚያርፈው በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያልቁት እነርሱ ናቸው።

ሁለተኛው ሱቅ ይህን ሁሉ ነግሬው ያመጣልኝ 245/45 አር 19 ነው። «ቸርኬው ላይ እስከገባ ድረስ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር አሳየሁት፤ 98 ይላል። 98 ማለት አንዱ ጎማ 750 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የእኔ 103 ይላል፤ 875 ኪሎ። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች 250 ኪሎ ልዩነት! እኔ ሦስት እንግዳ ከነሻንጣቸው የምጭን ሰው ነኝ። «እስካሁን ማንም ይህን ቁጥር ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ፤ ፊቱን አይቼ አመንኩት፤ የበለጠ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሦስተኛው ሱቅ የጠየቅሁትን መጠን አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ልከፍል ስል ዓመቱን ጠየቅሁ። «የ2017 ነው ጋሼ፤ ትኩስ ዕቃ» አለ። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 4417። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ በ2017 ዓመት 44ኛው ሳምንት። ግን በማን አቆጣጠር? ፋብሪካው የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው! በእኛ ሲሰላ ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ማለት ነው። መደርደሪያ ላይ ሲደርቅ የኖረ ጎማ በአቆጣጠራችን ልዩነት ብቻ አዲስ ሆኖ ይሸጥልናል። በጣቴ ጥርሱን ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ እንደ በጋ እግር ንቃቃት የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። ይህን እያወቀ የሚሸጥ ካለ ግፍ ነው። ሳያውቅ የሚሸጥም መማር አለበት፤ አራት ቁጥር ማንበብ ነው።

ዋጋውን ትቼዋለሁ። ውድ መሆኑን ሳውቅ ነው መኪናዋን የገዛሁት። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዛ፤ ጥሩ ነው፤ እኔም ነዳጅ ማደያ ተሰልፌ ከማደር ተገላግያለሁ። ግን መኪናውን በመርከብ የሚያመጣ ሰው ጎማውን ለማን ትቶት ነው? ቻርጅ ማድረጊያውን ሁሉም ይጠይቃል፤ ጎማውን የሚጠይቅ የለም። የእኔ መኪና ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) እንኳ የላትም። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተሰጠችኝ ማሸጊያ ፈሳሽ የያዘች ጠርሙስና ትንሽ መንፊያ ብቻ ናቸው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ ደግሞ በፈሳሽ አይታሸግም።

ጎሚስታዎቹንም ሳላነሳ አላልፍም፤ የምወዳቸው፣ በእጃቸው ሙያ የምተማመን ሰዎች ናቸው። ባለፈው ወር ሚስማር ወግቶኝ አንድ ወጣት ጋ ቆምኩ። እጁ ፈጣን ነው፤ ክሪኩን ጎትቶ መኪናዋ ሆድ ሥር መሀል ላይ ሊደግናት ሲል «ልጄ፣ ተው! ባትሪው ነው!» ብዬ ጮህኩ። ደነገጠ። ተንበርክኬ ከበሩ ሥር ያለውን የመደገፊያ ቦታ በጣቴ አሳየሁት፤ እርሱም አጠገቤ ተንበረከከ፣ በጣቱ ዳሰሰው፣ «ለካ ቦታ አለው» አለ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የሌላ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ራሱ ጎንበስ ብሎ ቦታውን ፈልጎ ሲያነሳ ቆሜ አየሁት። አንድ ቀን ተሰብስበው የሚያሳያቸው ሰው ቢያገኙ በከተማዋ ያሉት ሁሉ ይህን ባወቁ ነበር። መኪናውን የሸጡልን ሰዎች ለአንድ ቀን ሥልጠና የሚሆን ገንዘብ አጡ?

እናንተም የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ የባሕር ዳር ሰዎች፣ ዛሬውኑ ወጥታችሁ የጎማችሁን ጎን እዩት። ተራራና የበረዶ ቅንጣት፣ ከሥሩም «ዊንተር» የሚል ካለበት፣ ዝናብ ላይ በእርጋታ ንዱ፤ መቀየሪያም ፈልጉ። አራቱን ቁጥር አንብቡ፤ በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀንሱ። የጭነት ቁጥሩን መኪናው በር ላይ ከተለጠፈው ጋር አስተያዩ፤ ንፋሱንም እዚያው በተጻፈው ልክ አስሞሉ፤ ጎሚስታው በእርግጫ ለክቶ «በቂ ነው» ሲላችሁ አትመኑ።

እኔ በመጨረሻ አዲስ አበባ ደውዬ፣ ፎቶ ልኬ፣ መጠኑን ሦስት ጊዜ ደግሜ ጽፌ ለኋላ ሁለት 255/50 አር 19 አዘዝኩ። ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ በባንክ አስገባሁ። ዛሬ ጠዋት በጭነት መኪና ደረሰ። መጠቅለያውን ቀድጄ ጎኑን አነበብኩ። ዓመቱ ጥሩ ነው፤ የበረዶ ምልክት የለውም፤ የበጋ ጎማ ነው። ስፋቱ 235 ይላል፤ ሁለቱም። የፊት ጎማ ልከውልኛል። ስደውል «ዋናው አር 19 መሆኑ ነው» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ አንድ እንግዳ ከአየር ማረፊያ መቀበል አለብኝ። በጣና በኩል ጠቁሯል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ እሄዳለሁ፤ ከኋላዬ ጥሩምባ የምትነፉ፣ ምክንያቴ ይኸው ነው።