ይድረስ ለክቡር ጋሽ ነጭ ሰሌዳ

አድራሻ፦ አል ኡደይድ የአየር ኃይል ሰፈር፣ ከዶሃ ወጣ ብሎ፣ ኳታር

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ ጋሼ? እኔ ከርሶ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ማግኔቶቹስ ደህና ናቸው? ማርከሩ አልደረቀም?

ወደ ጉዳዬ ልግባና፣ እውነት ለመናገር እርሶ ያስቁኛል። የአሜሪካ አየር ኃይል ኢራቅና ሶሪያና አፍጋኒስታን ላይ ያበርር የነበረውን ሁሉ የሚያዘው እርሶ ካሉበት ማዘዣ ጣቢያ ነበር፣ ስክሪኑ ግድግዳ ሙሉ፣ ሳተላይቱ ድሮኑ ምኑ ቅጡ፣ እና የትኛው ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ለየትኛው ጄት የት ሰማይ ላይ በስንት ሰዓት ነዳጅ ይሰጣል የሚለው እስከ 2017 ድረስ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) በርሶ ደረት ላይ በማርከርና በማግኔት ነበር የሚታቀደው። አንዱ ማግኔት ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው ኤክሴል ላይ ይሞላል፣ ሌላው ደሞ ቆሞ ልክ ነው ልክ አይደለም ይላል። ሙሉ የስራ ቀን በዚሁ ያልቃል። ካለቀ በኋላ ደሞ አየሩ ተበላሸ ወይ አንድ ታንከር (ነዳጅ ጫኙ አውሮፕላን ማለቴ ነው) ሳይነሳ ቀረ ከተባለ በቃ፣ አንዱ አባል ተራ ልቀይር ሲል የዕቁቡ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እንደሚተራመሰው ነው፣ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር። ማስተካከሉ ሲያቅታቸው ተጠባባቂ ታንከር ያስነሳሉ፣ ነዳጅ ለመስጠት ነዳጅ ያቃጥላሉ፣ እርሶ ግን ምን ተዳዎት፣ ግድግዳዎን ተደግፈው ይቆማሉ።

ዝምድናዎን ደሞ አጣርቻለሁ። በ1991 የባህረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ የየለቱ የበረራ ትእዛዝ በመቶ በሚቆጠር ገጽ ነበር፣ የአየር ኃይሉ ኮምፒውተርና የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቹ ስለማይግባቡ ትእዛዙ በአውሮፕላን ተጭኖ እየተበረረ ነበር ለባህር ኃይሉ የሚደርሰው። እስቲ አስቡት፣ አውሮፕላኖቹ ነገ የት እንደሚበሩ ለመንገር ሌላ አውሮፕላን ዛሬ መብረር ነበረበት! የአጎትዎ ልጅ ባለ 8 ኢንቹ ፍሎፒም (የድሮው የኮምፒውተር ዲስክ) የአሜሪካ የኒውክለር ማዘዣ ውስጥ ተወሽቆ እስከ 2019 ደሞዝ በልቷል። የጨዋ ዘር ኖት መቼም።

ግን ቅድም ሰደብኩዎት እንጂ ስርዎት የሰደደው ለምን እንደሆነ አይጠፋኝም። ባንክ ቤት ሁለት ሰዓት ተሰልፎ "ሲስተም የለም" ተብሎ የተመለሰ ሰው እርሶን ሙሉ በሙሉ መጥላት አይችልም። እርሶ አንድም ቀን ሲስተም የለም ብለው አያውቁም። ፓስወርድ የሎት፣ አፕዴት የሎት፣ መብራት ቢጠፋ በባትሪ ያነቡዎታል። ያሎት ቫይረስ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቡና ይዞ ሲያልፍ በክርኑ የሚያብስዎት ሰውዬ።

የሚያናድደው ግን የተወዳዳሪዎችዎ ነገር ነው። ያንን ማዘዣና መሰሎቹን በአዲስ ሶፍትዌር ለመቀየር 10.2 የሚባል ፕሮጀክት ነበረ፣ ተቋራጩ ኖርዝሮፕ ግሩማን። 374 ሚሊየን ዶላር ይፈጃል ተብሎ 745 ሚሊየን ውስጥ ገባ፣ ሶስት አመት ገደማ ዘገየ፣ በጁላይ 2017 አየር ኃይሉ ራሱ ዘጋው። እንዲህ አይነት ፕሮጀክት አካሄዱ ይታወቃል፣ መጀመሪያ አንድ ሰው ሩቅ ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚያስፈልገውን ሁሉ በወፍራም ዶክመንት ይጽፋል፣ ከዛ ጨረታ፣ ከዛ አመታት፣ ከዛ ሙከራ፣ እና ሶፍትዌሩ ሲመጣ ጦርነቱም ሰዉም ተቀይሯል። ማግኔቱን የሚያንቀሳቅሰውን ልጅ "አንተ ግን ምን ቸገረህ?" ብሎ የጠየቀው የለም። ለዚህ ነው እርሶ በማርከር ዋጋ ሚሊየኖቹን ያሸነፉት።

እርሶን የጣለዎት ሌላ ነው። በኦክቶበር 2016 የቀድሞው የጉግል አለቃ ኤሪክ ሽሚት ከፔንታገን አማካሪዎች ጋር መጥቶ አይቶዎት ሄደ (ዓይኑ ሳይበላዎት አልቀረም)። ከዛ የተወሰኑ ፕሮግራመሮችና የአየር ኃይል ልጆች ከእቅድ አውጪዎቹ ጎን ተቀምጠው፣ እያሳዩ እየተሰደቡ እያረሙ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የርሶን የነዳጅ እቅድ ስራ የሚሰራ ጂግሶ የሚባል ፕሮግራም ሰሩ። ወጪው ከ2 ሚሊየን ዶላር ብዙም አይርቅም፣ ቁጠባው በነዳጅ ብቻ በቀን ከ200 ሺህ ዶላር በላይ እንደሆነ ነው የተነገረው። ከዛ ሙከራ ነው ቦስተን ያለው ኬስል ራን የሚባለው የአየር ኃይሉ የሶፍትዌር ክፍል ያደገው።

ያም ሆኖ አሮጌው ሁሉ ቶሎ የተወገደ እንዳይመስልዎ። የዋናው ማዘዣ ሲስተም፣ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚጎተተው ቲቢኤምሲኤስ፣ አል ኡደይድ ላይ ክራዶስ በሚባለው ክላውድ ላይ በሚሰራ የኬስል ራን ሶፍትዌር መተካት የጀመረው ገና በ2021 ነው። እና ክላውድ ላይ (ሩቅ ያለ የሰው ኮምፒውተር ላይ) የተቀመጠ ነገር ደሞ የሚሰራው ኔትወርክ ሲኖር ነው፣ ጠላት መጀመሪያ የሚቆርጠው ምን እንደሆነ ለርሶ መንገር አይጠበቅብኝም።

ስለዚህ ጋሼ ጡረታ ይውጡ ብዬ በትህትና እጠይቃለሁ፣ ግን ከህንጻው አይውጡ፣ ከበሩ ጀርባ ትንሽ ቦታ ይሰጥዎት፣ ማርከርም ይግዙልዎት።

ከማክበር ሰላምታ ጋር።

ግልባጭ፦ ለኤክሴል። አንተ ደሞ ምን ያስቅሃል?