ሕጉ ዛፉን አዳነ፣ ንቧን ረሳት

ብራዚል ውስጥ የብራዚል ነት የሚባለውን፣ ለውዝ መሰል ፍሬው የሚበላ ዛፍ መቁረጥ በሕግ ክልክል ነው። ደኑ ተመንጥሮ የከብት ግጦሽ ሲሆን እንኳ ይህችን ዛፍ አይነኳትም። ስለዚህ በአማዞን አንዳንድ ቦታ ሜዳ ሙሉ ሣር መሃል፣ እስከ 50 ሜትር የምትደርስ ዛፍ ብቻዋን ተገትራ ትታያለች። ሕጉ ተከብሯል፣ ዛፏም አለች። ፍሬዋ ግን ብዙ ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ምክንያቱን አበባው ላይ ታገኙታላችሁ። ቀለሙ ወተት መሳይ ቢጫ ነው። መሃሉ ላይ ወፍራም ክዳን ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ፍሬ የሚያስይዘውን ብናኝና ጣፋጩን ፈሳሽ ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። ትንሽ ንብ ብትመጣ በር የለም፤ ዞር ዞር ብላ ትሄዳለች። ትልቋ ንብ ግን ጭንቅላቷን ሰካ ታደርግና ክዳኑን በጉልበቷ ቀና አድርጋ ትገባለች። ረጅም ምላሷን ትሰዳለች፣ ትጠጣለች። ስትወጣ ጀርባዋ ብናኝ በብናኝ ነው። አበባው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ ጎህ ሲቀድ ተከፍቶ በዚያው ቀን ይረግፋል። ዛፏ በራሷ ብናኝ እምብዛም ስለማታፈራ፣ ንቧ የግድ ከሌላ ዛፍ መምጣት አለባት። ይህ ሁሉ ተሳክቶ እንኳ ፍሬው እስኪበስል ከዓመት በላይ ይፈጃል።

እነዚህ ትልልቅ ንቦች ቀፎ አያውቁም። አንዳንዶቹ የደረቀ እንጨት ቦርቡረው ይኖራሉ። የኦርኪድ ንብ የሚባሉት አረንጓዴና ሰማያዊ ሆነው እንደ ብረት የሚያብረቀርቁም አሉባቸው። ወንዱ ከኦርኪድ አበባ ሽታ እየለቀመ የኋላ እግሩ ውስጥ ያጠራቅማል፤ ሴት የሚያማልለው በዚያ ነው። ሽቶ ቀማሚ በሉት። ብዙዎቹ ኦርኪዶች የሚበቅሉት ደግሞ የትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ነው። ጫካውን መንጥራችሁ አንድ ዛፍ ብትተዉ ቤቱም፣ ሽቶውም፣ በሌላው ወቅት የሚበላውም አብሮ ሄዷል።

እኔን የሚያናድደኝ ዛፍ መቁጠራችን ብቻውን ደን መጠበቅ መምሰሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት እንደሚገምተው፣ በሞቃታማው የምድር ክፍል ከሚያብቡ ዕፅዋት 94 በመቶ ያህሉ ብናኛቸውን የሚያደርስላቸው እንስሳ ነው፤ ከነዚህም ዋነኞቹ ንቦች ናቸው። ቢያስገርምም አይፈረድም። በአማዞን አንድ ሄክታር ላይ ከ200 በላይ የዛፍ ዓይነት ሊገኝ ይችላል። የአንዷ ዛፍ ቢጤ የት እንዳለች ማን ያውቃል? ደኑ ውስጥ ንፋስ እምብዛም የለም። ንቧ ግን ታውቃለች። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ዳንኤል ጃንዘን እ.ኤ.አ. በ1971 እንደጻፈው፣ አንዲት የኦርኪድ ንብ 23 ኪሎ ሜትር ርቃ ከተለቀቀች በኋላ ወደ ጎጆዋ ተመልሳለች።

“ታዲያ ቀፎ እናስገባ” የሚል አይጠፋም። እውነት ለመናገር፣ ሐሳቡ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከአፍሪካ ወደ ብራዚል ተወስዳ ያመለጠችው የማር ንብ አማዞንን ወርራለች። አማዞን ውስጥ ካለችው የማናውስ ከተማ በስተሰሜን በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት፣ ግጦሽ መሬት ላይ ለቀሩ ዲኒዚያ ለተባሉ ግዙፍ ዛፎች ብናኝ ያዳረሰችው እሷ ናት። ብናኝ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ አጓጉዛለች፤ ዛፎቹም ደን ውስጥ ካሉት የበለጠ ዘር ሰጥተዋል። ደግ ሠርታለች፣ አልክድም። ግን የዲኒዚያ አበባ ትንሽና ለመጣ ሁሉ ክፍት ነው። የብራዚል ነትን ክዳን የማር ንብ አታነሳውም። አንዳንድ አበባ ደግሞ ብናኙን የሚለቀው ንቧ ይዛው ክንፏን ሳታራግብ በጡንቻዋ ስታንዘረዝረው ነው፤ የማር ንብ ይህን አትችልበትም። አንድ ቁልፍ ሁሉንም በር አይከፍትም።

ከ500 በላይ ዓይነት ያላቸው የማይናደፉት ንቦችም አሉ፤ የጣዝማ ዘመዶች። ጣዝማ መሬት ውስጥ ትኖራለች፤ ከነሱ ብዙዎቹ ግን የሚኖሩት ሆዱ ባዶ በሆነ ያረጀ ግንድ ውስጥ ነው። ይህን ግንድ ጣውላ ፈላጊ አይወደውም፣ ችግኝ ተካይም ይንቀዋል። አዲስ የተተከለ ችግኝ እንዲህ ያለ ሆድ እስኪያወጣ ስንት አሥርት ዓመት መጠበቅ ሊኖርብን ነው።

ስለዚህ ብቻዋን ለቆመችው ዛፍ ከሕጉ ይልቅ አጠገቧ የሚተው የጫካ ቁራጭ ይበልጥ ይጠቅማታል ባይ ነኝ። የወደቀው እንጨት አይለቀም። ኦርኪድ የተሸከመው ቅርንጫፍ አይነካ። የደን ቆጠራ ቅጹ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ ሆዱ ባዶ የሆነ ግንድ ስንት አለ?