ጣውንት በኬዝ ውስጥ

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብሎ የተረተው ሰው የጌም ኮምፒውተር አልነበረውም። ቢኖረው ኖሮ ተረቱን ከመልቀቁ በፊት ፓወር ሳፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለው ክፍል) ስንት ዋት እንደሆነ ያይ ነበር።

ነገሩ ሁሌም የሚጀምረው በአንዲት ትንሽ ቁጥር ነው። በስክሪኑ ጥግ ተቀምጣ በሰከንድ ስንት ፍሬም፣ ማለት ስንት ሙሉ ምስል፣ እንደተሣለ ትቆጥራለች። 60 ስትል የባለቤቱ ፊት ይፈታል፤ 45 ስትል ይቆዝማል፤ 38 ስትል ጠላት ፊት ለፊት ቆሞ እየተኮሰበት እሱ የሚያየው ጥጓን ነው። ሲሞትም አይናደድም፤ ምስሉን በምትሥለው ግራፊክስ ካርድ አሳብቦ «ካርዷ ናት» ይላል። ከዚያ የኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) ጎን ከፍቶ ሲያጎነብስ፣ ከግራፊክስ ካርዷ በታች ሌላ ረጅም ስሎት (የካርድ መሰኪያ) ባዶውን ተጋድሞ ያገኛል። ባዶ ስሎት አይቶ ማለፍ ደግሞ ባዶ ወንበር አይቶ የመቆም ያህል ይከብዳል። «አንዷ 45 ካወጣች ሁለቱ 90» ይላል። መደመሩ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው የሚደመረው ነገር ነው።

በርግጥ ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1998 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስሪዲኤፍኤክስ የሚባል ኩባንያ ቩዱ 2 የተባሉ ካርዶቹን ሁለት ሁለት እያጣመረ ያሠራ ነበር። ውሉ እንደ መሬት ክፍፍል ጥርት ያለ ነው፦ የስክሪኑን ጎዶሎ ቁጥር መስመሮች አንዷ ትሥላለች፣ ሙሉ ቁጥሮቹን ሌላዋ። ስሙም ኤስኤልአይ ነበር። ኩባንያው ብዙ አልቆየም፤ በ2000 መጨረሻ ንብረቱን ሌላው ካርድ ሠሪ ኤንቪዲያ ለመግዛት ተስማማ፤ በ2004 ደግሞ ያንኑ ስም አቧራውን አራግፎ በሌላ ትርጉም መለሰው። ተፎካካሪው ኤቲአይ በ2005 ክሮስፋየርን አመጣ። የመጀመሪያዎቹ ክሮስፋየሮች አንዷ ካርድ እመቤት፣ ሌላዋ ደንገጡር ሆነው፣ ከኬዙ ጀርባ ወፍራም ገመድ ይያያዙ ነበር። ሰው ይህን ሁሉ ገመድ አይቶ እንኳ «ይሄ ነገር ይስማማ ይሆን?» ብሎ አልጠየቀም።

አልተስማማም። የማይስማማበትንም ምክንያት ለማወቅ የሥራ ክፍፍሉን ማየት ነው። ከቩዱ በኋላ በብዛት የተሠራበት ዘዴ ተራ መግባት ነው፦ አንዷ 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን ፍሬም፣ ጣውንቷ 2ኛውን፣ 4ኛውንና 6ኛውን። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የለም። ግን ሁለቱ ካርዶች እኩል ሰዓት ላይ አያደርሱም። አንዱ ፍሬም ከፊተኛው በ5 ሚሊ ሰከንድ ተከትሎ ይደርሳል፣ ቀጣዩ 28 ሚሊ ሰከንድ ያስጠብቃል፣ ከዚያ ደግሞ 5፣ ደግሞ 28። አማካዩ 16.5 ነው፤ የጥጓ ቁጥር በኩራት 60 ትላለች። ዓይን ግን አማካይ አያይም፤ ዓይን የሚያየው ያቺን 28 ነው፣ እሷም በሰከንድ 36 ፍሬም አካባቢ ማለት ናት። አንዱ ሁለት እጥፍ በልቶ ሌላው ጦሙን ሲያድር «በአማካይ ሁለቱም ጠግበዋል» እንደሚባለው ያለ ሪፖርት ነው። የሙያው ሰዎች ማይክሮ ስተተር ይሉታል። ባለቤቱ ግን ምንም አይለውም፤ ገንዘቡን አውጥቷላ! ዓይኑ ሲንቀጠቀጥበት ሞኒተሩን ይወለውላል።

ፍጥነቱም ቢሆን የታየውን ያህል አይደለም። አንዷ ካርድ አንድ ፍሬም ለመሣል 33 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀባት ጣውንቷ ስለመጣች እጇ አይፈጥንም። የፍሬሙ ብዛት ያድጋል እንጂ እያንዳንዱ ፍሬም ያችኑ 33 ይወስዳል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እንቅስቃሴ የተለሳለሰ ሆኖ ማውሱ ግን እንደ ድሮው ይከብዳል።

በዚህ ላይ አዳዲስ ጌሞች ያለፈውን ፍሬም ሳያዩ አዲሱን መሣል ትተዋል። ጠርዝ ለማለስለስ፣ ጥላ ለማስተካከል፣ ሁሉ ነገር «ቅድም ምን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ቅድም የነበረው ያለው ጣውንቷ ጋ ነው። እስኪላክ ይጠበቃል። ጨዋታ ሠሪዎቹ ለዚህች ጥቂት ባለ ሁለት ካርድ ወገን ብለው ሥራቸውን አልቀየሩም፤ የሚፈረድባቸውም አይመስለኝም።

የማስታወሻው ጉዳይ የተለየ ሐዘን አለው። እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይት የያዙ ሁለት ካርዶች ለጌም 16 አይሆኑም፤ 8 ናቸው። ሁለቱም የሚሥሉት አንድ ዓለም ስለሆነ ግድግዳውም፣ ዛፉም፣ የጠላት ፊትም በሁለቱም ውስጥ ተገልብጦ ይቀመጣል። ባልና ሚስት ያንኑ መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ገዝተው «ላይብረሪ አለን» እንደሚሉት ነው። ሆኖም ሣጥኑ ላይ ያሉትን ሁለት 8ቶች ደምሮ ለእንግዳ የሚያወራ ሰው አይታጣም።

ይህን ሁሉ ሰምቶም የቆረጠ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የካርዷን የላይኛውን ጠርዝ ነው። ሁለቱን ካርዶች ለሚያያይዘው ድልድይ የሚሆን የመገናኛ ጥርስ ከሌላት ኤስኤልአይ የሚባል ወሬ የለም። የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 በ2016 ስትወጣ ያለ ጥርስ ነው የወጣችው፤ ብዙ ሰው ይህን ያወቀው ሁለተኛዋን ገዝቶ ድልድዩን የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ነው። በ2020 ከወጡት የአርቲኤክስ 30 የጌም ካርዶች መገናኛ የነበራት 3090 ብቻ ናት። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ወዲህ ኤንቪዲያ ለነባሮቹ ካርዶች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (አንድን ጌም ካርዶቹ እንዴት እንደሚካፈሉት የሚነግር ቅንብር) ማውጣት አቆመ። በ2022 የመጣችው 4090 ጭራሽ መገናኛ የላትም። ላላቸውም ቢሆን ቺፑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ክሮስፋየር ዘመድ ለዘመድ ይፈቅዳል፣ ለምሳሌ አር9 290ን ከ290ኤክስ ጋር። እኩል ያልሆኑ ካርዶች ተራ ሲገቡ ግን ፈጣኗ ዘገምተኛዋን ስትጠብቅ ትውላለች። ይህ ደግሞ በቢሮም የታወቀ ነው።

ቀጥሎ ስሎቱ። ተራ የቤት ፕሮሰሰር ለግራፊክስ ብሎ የሚመድበው የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሌን (ካርድና ፕሮሰሰር መረጃ የሚለዋወጡበት መስመር) 16 ነው። ጥሩ ማዘርቦርድ ሁለት ካርድ ሲያይ 8 ለ8 ያካፍላል፤ እሱስ ደግ ነው። ርካሹ ማዘርቦርድ ግን ሁለተኛው ስሎት ቁመቱ የ16፣ ጉልበቱ የ4 ነው፤ ያውም በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ሳይሆን በቺፕሴቱ (በማዘርቦርዱ አስተላላፊ ቺፕ) በኩል፣ ከኤስኤስዲውና ከዩኤስቢው ጋር እየተጋፋ። ረዥም ካፖርት ለብሶ የቆመ አጭር ሰው ነው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ኤም 2 ኤስኤስዲ ከተሰካ ያ ስሎት ጭራሹን ይዘጋል። ይህ ሁሉ በማዘርቦርዱ መመሪያ ውስጥ በአንዲት ሠንጠረዥ ተጽፏል፤ መመሪያው ግን ከነላስቲኩ ሣጥኑ ውስጥ ነው ያለው፤ ወንድ ልጅ መመሪያ ሲያነብ መታየት የለበትማ። ከተሰካ በኋላ ማረጋገጫው ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ካርዷ ሥራ ፈታ ስትቀመጥ ኃይል ለመቆጠብ የመስመሩን ትውልድ ዝቅ አድርጎ 1.1 ሊያሳይ ስለሚችል ሳይደነግጡ አጠገቡ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጭኖ ካርዷን ሥራ ላይ ማዋልና ያኔ ማንበብ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። ስሎቱ ራሱ የሚያቀብለው እስከ 75 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒን ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒን 150 ይጨምራል። 250 ዋት የሚጠጡ ሁለት ካርዶች 500 ናቸው፤ ፕሮሰሰሩ 150፣ ፋኑና ዲስኩ ሌላውም ሌላውም ተደምሮ ወደ 100፤ 750 ሞላ። በ750 ዋት ፓወር ሳፕላይ ይሠራል ብሎ የሚከራከር ይኖራል፤ ሥራውን ይጀምራልም። ግን ካርዶች ለሚሊ ሰከንዶች ከተጻፈባቸው በላይ ዘለል የማለት አመል አላቸው፤ ሁለቱ እኩል የዘለሉ ዕለት ፓወር ሳፕላዩ ራሱን ለማዳን ሁሉንም ያጠፋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ዴስክቶፑ ላይ ቀኑን ሙሉ ጤነኛ፣ ጌሙ ሲጋጋል ግን ሶኬቱ እንደተነቀለ ድርግም። ለዚህ ስሌት 1000 ዋት ይያዝ። ሁለት 3090 ከሆኑ ካርዶቹ ብቻቸውን 700 ዋት ናቸው፤ ያ ኮምፒውተር ሳይሆን ማሞቂያ ነው፣ ጌም የሚያጫውት።

ለእያንዳንዱ ሶኬት ከፓወር ሳፕላዩ ራሱን የቻለ ገመድ ይሳብ፤ በአንድ ገመድ ጫፍ ላይ መንትያ ሆኖ የመጣውን ለሁለት ካርድ ማካፈል ገመዱን ያግላል። ከሌላ ፓወር ሳፕላይ የተረፈ ገመድ ደግሞ ቢገጥምም አይሰካ። በካርዷ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሳፕላዩ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ የደረደረው ነው። ሲሰኩት ይገባል፣ ሲያበሩት ያቃጥላል።

ሙቀቱ የጎረቤት ጠብ ነው። ብዙ ካርዶች የሁለት ስሎት ውፍረት አላቸው፣ አዳዲሶቹ ሦስትም ያልፋሉ። ተጠጋግተው ሲሰኩ የታችኛዋ የተነፈሰችውን የላይኛዋ ትስባለች። ስለዚህ ሁልጊዜ የምትግለው የላይኛዋ ናት፤ ሙቀቷ በ80ዎቹ ዲግሪ ሲገባ ፍጥነቷን ትቀንሳለች፣ በተራ ስለሚሠሩ የታችኛዋም ትጎተታለች። ቢያንስ የአንድ ስሎት ክፍተት በመሃላቸው ይኑር። ለብቻዋ ስትሆን በጩኸቷ የምትሰደበው፣ ሙቅ አየሩን በኬዙ ጀርባ የምታስወጣው ባለ አንድ ፋን ካርድ እዚህ ቦታ ላይ ከባለ ሦስት ፋኗ ቆንጆ ትሻላለች።

መግጠሙ ራሱ የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ገመዱ ይነቀላል፣ የተረፈው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የማብሪያው ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል፣ እጅ የኬዙን ብረት ይነካል። የጀርባው ሁለት የብረት ሽፋኖች ይፈታሉ። እዚህ ላይ ቸኩሎ ካርዷን የሚያስገባ ሰው በኋላ ያስወጣታል፤ በማዘርቦርዱ የታችኛው ጠርዝ ያሉት የማብሪያው ቁልፍና የፊት ዩኤስቢ ገመዶች በካርዷ ሆድ ሥር ስለሚቀሩ ቀድመው ይሰካሉ። ከዚያ ካርዷ የስሎቱ መያዣ ቀጭ እስኪል በእኩል ኃይል ትገፋለች፤ ቀጭ ካላለ አልገባችም፣ የገባች ብትመስልም። ብሎኗ ይጠብቃል፣ የመብራት ገመዷ ይሰካል። ብልህ ሰው አዲሷን መጀመሪያ ለብቻዋ ሰክቶ ይፈትናታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስገብቶ ስክሪኑ ሲጨልም ጥፋተኛዋን መለየት ሽምግልና ይፈልጋልና። ስክሪን ከጨለመ ከመራገም በፊት ሦስት ነገር ይታይ፦ የተረሳ ባለ 8 ፒን፣ ግማሽ የገባ ካርድ፣ የተሳሳተ ካርድ ላይ የተሰካ የሞኒተር ገመድ። የካርዶቹ አምራች የተለያየ ከሆነና ካርዷን የሚያሠራው ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩ፣ ከሌላው ድራይቨር ከተጣላ፣ የቀድሞውን በሴፍ ሞድ ገብቶ ዲዲዩ በሚባለው ማጽጃ ጠርጎ እንደገና መጫን ነው።

ሁሉም ሲያልቅ ባለቤቱ ጌም አይከፍትም። መለኪያ ፕሮግራም ይከፍታል። መለኪያው ለሁለት ካርድ ተመቻችቶ የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩ ያምራል፤ ፎቶ ይነሣል፣ ለወዳጆች ይላካል፣ «አንተ!» ይባላል። ከዚያ የሚወደውን ጌም ሲከፍት ያችው 45። አንዳንዴ 43። የታችኛዋን በመስታወቱ በኩል ሲያያት በቀስተ ደመና ቀለም እየበራች ፋኗ ግን ቆሟል። የጋራ ሥራ ላይ ፎቶ ለመነሣት ብቻ የመጣ ሰው ትመስላለች።

ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ ሁለተኛ ካርድ የሚያዋጣበት ቦታ አለ፤ ሁሉም ግን ሥራው ሲለያይ ነው። ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ምስል መሥሪያ ላይ ምስል ሲቀቀል ሁለቱ እኩል ይረባረባሉ። የኤአይ ሞዴል በቤት ለሚያሠራ ሞዴሉ ተከፍሎ በሁለቱ ላይ ስለሚጫን እዚያ 24ና 24 በእውነት 48 ይሆናል። በ2025 የመጡት የአርቲኤክስ 50 ካርዶች ሲወጡ የ32 ቢት ፊዚክስኤክስን (በድሮ ጌሞች የጭስና የስብርባሪ እንቅስቃሴ የሚያሰላውን) ትተው ስለነበር፣ የድሮ ጌም ወዳጆች አሮጌና ትንሽ ካርድ ለዚያ ብቻ ጎን ላይ ሰክተዋል። ሎስለስ ስኬሊንግ በሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ጠንካራዋ ጌሙን ትሥላለች፣ ደካማዋ በመሃል ፍሬም እየፈጠረች ትጨምራለች፤ የሞኒተሩ ገመድ ግን ደካማዋ ላይ ነው የሚሰካው፣ ፍሬሙ ሁሉ በስሎቱ በኩል ስለሚሻገርም ያ ባለ ካፖርቱ ስሎት አሮጌ ትውልድ ከሆነ እዚያ ይጋለጣል።

ለተራው ጌም ግን ሁለቱን ሸጦ አንዲት ብርቱ መግዛት ይሻላል። ማስታወቂያውም አያስቸግርም፤ ያገለገለ ዕቃ ሽያጭ ላይ «ብዙም አልተሠራባትም» የሚለው ቃል ለታችኛዋ ሲጻፍ እውነት ነው።