ጥቁሩ ጠርዝ ይቆይ፤ ምስሉ አይለጠጥ

በገና ሰሞን ከላሊበላ የሚወጣው የ«ቤዛ ኩሉ» ዝማሬ ቪዲዮ ስልካችን ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ወይ ጎንና ጎኑ ተቆርጧል፣ ወይ ካህናቱ ቀጥነው ረዝመዋል። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም። የቀረጻውና የስክሪኑ ቅርጽ አልገጠመም።

የቴሌቪዥን ቅርጽ፣ ማለትም የወርዱና የቁመቱ ምጣኔ፣ 16፡9 ነው፤ ፉል ኤችዲ በሚባለው ጥራት ወርዱ 1920፣ ቁመቱ 1080 ፒክሰል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ነው። በቁሙ የተያዘ ስልክ ላይ የሚለቀቀው ደግሞ 9፡16፣ ማለትም 1080 በ1920። የአግድሙ ቀረጻ ሳይቆረጥ ቁም ስክሪን ውስጥ ሲገባ ከ1920ው ቁመት 608 ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ላይና ታቹ ጥቁር ይሆናል። ስክሪኑን ይሙላ ተብሎ ከተቆረጠ ደግሞ ከ1920ው ወርድ የሚተርፈው ያው 608 ነው። ከምስሉ ሁለት ሦስተኛ በላይ ጠፋ ማለት ነው።

በላሊበላው ቤተ ማርያም ካህናቱ ከፊሉ በዓለቱ ጠርዝ፣ ከፊሉ ከታች በግቢው ይሰለፋሉ፤ የላዮቹ የመላእክት፣ የታቾቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። በቁም መቅረጽ ሁለቱን ረድፍ ባንድነት ለማሳየት እንዲያውም ያግዛል፤ የሰልፉን ርዝመት ግን አይችለውም። ስለዚህ ምርጫው ከቀረጻ በፊት ነው መደረግ ያለበት።

ከሁሉ የከፋው መለጠጥ ነው። የድሮ የደሴ ሠርግ ካሴት 4፡3 ነው። ሰፊውን ቴሌቪዥን እንዲሞላ ሲለጠጥ ሰው ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል፣ ክቡ ትሪ ሞላላ ይሆናል። በ1080 ቁመት ትክክለኛ ወርዱ 1440 ነው፤ በግራና በቀኝ 240፣ 240 ፒክሰል ጥቁር ይቀራል፤ ይቆይ። ፓል በሚባለው የድሮ የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጸ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ 720 በ576 ስለሚሆንም ብዙዎች ይሳሳታሉ፤ የካሴቱ ፒክሰል ካሬ ሳይሆን ወደ ጎን ሰፋ ያለ ስለሆነ 768 በ576 ሆኖ ነው መታየት ያለበት።

የደሴና የኮምቦልቻ የሠርግ ቀራጮች ቀብድ ከመቀበላቸው በፊት «ለቴሌቪዥን ነው ለስልክ?» ብለው ቢጠይቁ ግማሹ ችግር ይቀላል። ለሁለቱም ከተባለ 4ኬ በሚባለው ከፍ ያለ ጥራት፣ በ3840 በ2160 ይቀረጽ፤ ከዚያ ላይ 1215 በ2160 ተቆርጦ ለስልኩ ጥራቱ ሳይጎድል ይበቃል። ሙሽሮቹ መሐል ሦስተኛው ላይ ይሁኑ። ኤዲት ሲደረግ ወርድና ቁመት አብረው ይደጉ፣ አብረው ይቀንሱ። እስክስታው ክብ ሠርቶ ሲደምቅ ግን ቁም ቅጂው አይበቃውም፤ ያን ክፍል በአግድሙ እንዳለ መተው ይሻላል። ዋናው ፋይልም ሳይቆረጥ ለባለቤቱ ይሰጥ፤ ተቆርጦ የተቀመጠውን መልሶ የሚያመጣ ሶፍትዌር የለም።