በረዶ ላይ ሁሉም ሐኪም ነው

ስኳር ያለበት ሰው ለበረዶ ሸርተቴ እረፍት ሊወጣ መሆኑ ከተሰማ፣ አብረውት የሚጓዙት ሁሉ ሻንጣቸውን ሳያሰናዱ ሐኪም ይሆናሉ። «ኢንሱሊን ብርድ ይወዳል አይደል? እንግዲህ ተራራው በሙሉ ፍሪጅ ነው!» ይላል አንዱ፣ በግኝቱ እየኮራ። ከምክሮቹ ሁሉ ጉድ የምታፈላው ይቺ ናት።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ግን አለቀለት። ቀልጦ፣ ጠርቶ፣ ምንም ያልነካው ቢመስልም ይጣላል። ስለዚህ አውሮፕላን ላይ ከእጅ ሻንጣ አይለይም፤ የሚበቃው እጥፍ ተይዞ ለሁለት ቦርሳ ይከፈላል። ተራራ ላይ ቦታው የጀርባ ቦርሳ ሳይሆን የውስጥ ኪስ ነው። ገላ ላይም አይለጠፍ፤ ገላ 37 ዲግሪ ነው፣ እሱ ደግሞ ከ30 በላይ አይችልም። በሹራብና በጃኬት መሃል ይመቸዋል። የሆቴሉ ትንሽ ፍሪጅም አይታመንም፤ ከኋላው ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነገር ረግቶ ያድራል።

ፔኑ (እስክርቢቶ የሚመስለው የኢንሱሊን መውጊያ) ላይ መርፌ ሰክቶ መተው ሌላ ጣጣ ነው። ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅ አየር ይስባል፤ ከመወጋት በፊት 2 ዩኒት ወደ ውጭ ገፍቶ ጠብታ ማየት ያስፈልጋል። ኢንሱሊን በቱቦ የሚያስገባ ፓምፕ የሚጠቀም ሰው ቱቦውን ከልብስ ውጭ ካንጠለጠለ፣ ውስጡ ያለው ይረጋና ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል። የስኳር መለኪያውም ብርድ ሲበዛበት በቁጥር ፈንታ የስህተት ምልክት ያሳያል፤ እሱም እንደ ሰው ኪስ ውስጥ ገብቶ መሞቅ አለበት።

ዋናው ፈተና ግን ስኳር ሲወርድ ነው። ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰውየው ይነጫነጫል፣ የሚሄድበት ይጠፋዋል። ችግሩ ጤነኛ ጀማሪ ተንሸራታችም እንዲሁ ነው! ስለዚህ ከመገመት መለካት፤ በተለይ ወደ ተራራው የሚያወጣው የገመድ ወንበር ላይ ከመውጣት በፊት፣ ምክንያቱም መሃል ላይ ቆሞ ሲቀር ከታች የሚያቀብል የለም። ቁጥሩ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይወሰዳል፦ ባለ 4 ግራም የግሉኮስ እንክብል ከሆነ አራት። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ካልወጣ ይደገማል። ቸኮሌት ቅባቱ ስኳሩን ስለሚያዘገየው ለዚህ ሰዓት አይሆንም፤ ጭማቂም ቦርሳ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይጠብቃል።

የጓደኛ ሕክምና የሚጀምረው ልክ እዚህ ጋ ነው። ሰውየው 58 ላይ ሆኖ እንክብሉን ወደ አፉ ሲያስጠጋ፣ «አንተ! ስኳር እያለብህ ጣፋጭ?» ብሎ እጁን የሚይዝ አይጠፋም። ይኸው አዛኝ ማታ እሳት ዳር ትኩስ ወይን ይዞ ይመጣል፦ «አንዲት ብቻ፣ ለብርዱ!»

ያቺ አንዲት ነች ሌሊቱን የምታበላሸው። ቀኑን ሙሉ የሠራ ጡንቻ ያጠፋውን ስኳር ከደም ሲተካ ያድራል። በዚህ ላይ ጉበት አልኮሉን ለማጥራት ሲጠመድ ስኳር መልቀቁን ቸል ይላል። በዚያ ላይ የወረደ ስኳር ከስካር አይለይም፣ «ተዉት፣ ጠጥቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የማታው የኢንሱሊን ዶዝ ምን ያህል እንደሚቀነስ ከጉዞ በፊት ከሐኪም ጋር (ከእውነተኛው ጋር ማለት ነው) ይነጋገሩበታል። ከመተኛት በፊት መለካት ግድ ነው፤ የሌሊት ማንቂያም ይሞላል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ደግሞ የተከራየው ጫማ ሲልጠው ስለማያውቅ፣ ማታ ማታ ውስጥ እግሩን በመስታወት ይይ።

አብሮት የሚያድረው ሰው የግሉካጎኑን (የወረደ ስኳር የሚያወጣው የአደጋ ጊዜ መድኃኒት) ቦታና አጠቃቀም ቀድሞ ማወቅ አለበት። ሰውየው ራሱን ከሳተ ግሉካጎኑ ይሰጠዋል፣ በጎኑ ይተኛል፣ አምቡላንስ ይጠራል። ጠጥቶ ከነበረ ግሉካጎኑ ላይሠራ ስለሚችል አምቡላንሱ ቶሎ ይጠራ። በአፉ ግን ምንም አይጨመርም፤ ጭማቂም፣ ማርም፣ ያ ትኩስ ወይንም ቢሆን።