ለጋዜጠኝነት ማስተርስ የግድ የጋዜጠኝነት ዲግሪ?

«የመጀመሪያ ዲግሪህ ጋዜጠኝነት ካልሆነ፣ በጋዜጠኝነት ማስተርስ አይታሰብም» ላልከው ወንድሜ፦ ይቺ ወሬ ከደሴ ፒያሳ እስከ ኮምቦልቻ ትዞራለች፤ ግን ልክ አይደለችም።

ኒውዮርክ ያለውን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እይ። በጋዜጣ ባለቤቱ በጆሴፍ ፑሊትዘር ኑዛዜ ገንዘብ በ1912 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ዛሬ የመጀመሪያ ዲግሪ ጭራሽ አይሰጥም! ሥራው ድህረ ምረቃ ነው። ከባዮሎጂም ከታሪክም የመጣ ይቀበላል። እንዲያውም ስለ ጤና ለሚዘግብ ሰው ባዮሎጂ ትልቅ ስንቅ ነው (ይህን የሚንቁ አዘጋጆች ይገርሙኛል)።

እኛ አገር የትኛው የትምህርት መስክ እንደሚገባ የምታውቀው ከየዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ነው። በወሬ አትቅር፣ ዲፓርትመንቱን ጠይቅ። አገር አቀፉ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ግን አለ። እሱን የጋዜጠኝነት ምሩቅም አይዘለውም።