አሥራ ሁለት ማሊያ፦ የማይክ ሲሊንገር የሆኪ ዘመን ይወደሳል ወይስ ያሳዝናል?

ካናዳዊው የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ማይክ ሲሊንገር በሰሜን አሜሪካው ናሽናል ሆኪ ሊግ ለ12 ክለቦች ተሰልፏል፤ ይህም የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። በ1990 ጀምሮ በ2009 ጫማውን ሰቀለ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ጸሐፊዎች «የሲሊንገር የሙያ ሕይወት የስኬት ታሪክ ነው» በሚለው ሐሳብ ላይ ተከራክረዋል።

ደጋፊ፦

ክርክሬ ከአንድ ቁጥር ይነሣል፤ 1,049። ሲሊንገር በሊጉ መደበኛ ውድድር የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ብዛት ነው። በእርሱ ዘመን አንድ ክለብ በዓመት በአብዛኛው 82 ጊዜ ይጫወት ነበርና፣ ይህ ማለት አንድም ጨዋታ ሳይቀሩ ወደ አሥራ ሦስት የውድድር ዓመት ያህል መሰለፍ ነው። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ የገና ጨዋታችንን በበረዶ ላይ፣ በስለታም የብረት ጫማ፣ በግድግዳ በታጠረ ሜዳ ያስበው። ሩሩ ጠፍጣፋ ጎማ ነው፤ ተጋጣሚን በትከሻ ከግድግዳው ጋር ማላተምም ይፈቀዳል። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ሺህ ጊዜ መቆም ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ይህ ሰው ኮከብ አልነበረም። ቁመቱም ከብዙዎቹ ያጥር ነበር። የታወቀው በአንድ ሙያ ነው፦ ጨዋታው በቆመ ቁጥር ዳኛው ጎማውን በሁለት ተጫዋቾች ዱላ መካከል ይጥላል፤ ያን ትንቅንቅ ያሸነፈ ቡድን ጨዋታውን ይይዛል። ሲሊንገር ይህን ያሸንፋል። ቡድኑ በቅጣት አንድ ሰው ሲጎድለውም አሠልጣኞቹ ወደ ሜዳ የሚልኩት እርሱን ነበር። ተመልካች ስሙን አይዘምርለትም፤ አሠልጣኝ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ይፈልጋል።

አንድ ሰው በዕድል አንድ ጊዜ ይቀጠር ይሆናል። አሥራ ሁለት ክለብ የፈለገው ግን ሥራውን ስለሚያውቅ ነው። በጎል ብዛት ምርጥ ዓመቱ የመጣውስ መቼ ነው? በ2005–06፣ በ34 ዓመቱ፣ 32 ጎል አግብቶ!

ተቃዋሚ፦

ወንድሜ ስለ ተጫዋቹ የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም። ያን የ32 ጎል ዓመት ግን እስከ መጨረሻው አልተረኩልንም። 22ቱን ያገባው ለሴንት ሉዊስ ነው። ከዚያ በጃንዋሪ 2006፣ ውድድሩ ሳያልቅ፣ ሴንት ሉዊስ ለናሽቪል ሰጠው። ቀሪዎቹን 10 ያገባው እዚያ ነው። በሕይወቱ ከሁሉ በተሻለ በሠራበት ዓመት ሻንጣውን አነሣ። አንድ ሠራተኛ ባለበት ለመቆየት ከዚህ በላይ ምን ማድረግ ነበረበት?

እኛ እግር ኳስ የለመድን ሰዎች «ዝውውር» ስንሰማ ሦስት ወገን የተስማማበት ውል ይታየናል፤ ሻጩ፣ ገዢውና ተጫዋቹ። ተጫዋቹ እምቢ ካለ ነገሩ ቀረ። በዚህ ሊግ ግን ሁለቱ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ለመለዋወጥ ከተስማሙ በቂ ነው። በውሉ ላይ የሚከለክል አንቀጽ ያስጻፈ ካልሆነ በቀር ተጫዋቹን ማንም አይጠይቀውም።

ጁላይ 22 ቀን 2003ን ልብ ይበሉልኝ። ኮሎምበስ ሲሊንገርን ለዳላስ ሰጠ። ዳላስ በዚያው ዕለት ለፊኒክስ አሳልፎ ሰጠው። ለዳላስ አንድ ደቂቃ እንኳን አልተጫወተም፤ ከ12ቱ ክለቦች ውስጥም ዳላስ አይቆጠርም። ልጁ ኮል በኮሎምበስ ከተማ ከተወለደ ገና ሁለት ወር ማለፉ ነበር። «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የሚለውን ስሰማ ከእንግዲህ የሚታወሰኝ ይህ ዕለት ነው።

ደጋፊ፦

እኅቴ፣ ያ ዕለት እኔንም ያሳዝነኛል። ነገር ግን አህያም ፈረስም አልነበረም። ሲለወጥ ውሉ አብሮት ይሄዳል፤ ያንኑ ደመወዝም ያገኛል። ደግሞም የሚለወጥ ሰው ሁልጊዜ ተጎጂ አይደለም።

ወደ መነሻው እንመለስ። በዚህ ሊግ ክለቦች አዳዲስ ወጣቶችን በየዓመቱ ዙር በዙር፣ በተራ ይመርጣሉ፤ በ1989 ዲትሮይት ሲሊንገርን በመጀመሪያው ዙር፣ ከሁሉም 11ኛ አድርጎ መረጠው። በዚያው ዓመት ክለቡ በሦስተኛው ዙር ኒክላስ ሊድስትሮምን፣ በአራተኛው ሰርጌይ ፌዶሮቭን አገኘ። ሲሊንገር የሚጫወተው መሐል ላይ ነው። በዲትሮይት መሐል ላይ የቡድኑ አምበል ስቲቭ አይዘርማን አለ፤ ፌዶሮቭ ተጨመረ። ሲሊንገር በዚያ ቢቀር ዕጣው ወይ የተቀያሪዎች ወንበር ወይ ወጣቶችን የሚያሠለጥነው የታችኛው ቡድን ነበር። በ1995 ወደ አናሃይም መለወጡ በሩን ከፈተለት እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ያ ሺህ ጨዋታ፣ ከዚያ በር የወጣ ነው።

ተቃዋሚ፦

እርስዎ የጠሩት ሊድስትሮም ከዲትሮይት ሳይወጣ 20 የውድድር ዓመት ተጫውቶ የሊጉን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ አራት ጊዜ አነሣ። የመጀመሪያው በ1997 ነው፤ ሲሊንገር በወጣ በሁለተኛው ዓመት። ሲሊንገር አንድም ዋንጫ የለውም። ልውውጡ ጠቅሞት ይሆናል፤ አልክድም። ከጠቀመው ታዲያ ለምን አይጠየቅም? የሚጠቅመውን ነገር እሺ እንዲል ለምን አይታመንም?

ይህ ጥያቄ በአሜሪካ ስፖርት አዲስ አይደለም። የቤዝቦል ተጫዋቹ ከርት ፍለድ በ1969 ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላደልፊያ ሲለወጥ «አልሄድም» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። በ1972 በ5 ለ 3 ድምፅ ተፈረደበት። የስፖርቱን አሠራር ግን ለወጠው፦ ዛሬ በቤዝቦል 10 ዓመት ያገለገለ፣ ከዚያም ውስጥ የመጨረሻዎቹን 5 ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች እምቢ የማለት መብት አለው። ሲሊንገርን ያም ደንብ ባላዳነው ነበር። አምስት ዓመት ማን በአንድ ቦታ አስቀመጠው?

ከ12ቱ ክለቦች ወደ ዘጠኙ የሄደው በልውውጥ ነው። ራሱ መርጦ የፈረመው ለሁለት ነው፤ ለኮሎምበስ በ2001፣ ለኒው ዮርክ አይላንደርስ በ2006። እስቲ ይመልከቱ፦ በመረጠው በአይላንደርስ የዳሌ ጉዳት እስኪያስቆመው ድረስ ቆየ። መቆየት የማይችል ሰው አልነበረም።

ደጋፊ፦

ስለ ኮሎምበስ አንድ ነገር ልጨምር። በጁላይ 2021 የሊጉ አዳዲስ ተጫዋቾች ሲመረጡ ኮሎምበስ በመጀመሪያው ዙር 12ኛ ሆኖ የወሰደው ወጣት ኮል ሲሊንገር ነው። ያ የሁለት ወር ሕፃን በተወለደበት ከተማ ማሊያ ለበሰ። አባቱን ይህ ሙያ አቁስሎት ቢሆን ኖሮ ልጁ በዚያው መንገድ የሚሄድ አይመስለኝም።

ተቃዋሚ፦

የኮል ነገር ደስ ይለኛል፤ ከልቤ። ነገር ግን ኮል ኮሎምበስን አልመረጠም፤ አባቱ በ1989 ዲትሮይትን እንዳልመረጠ ሁሉ። ኮልን የመረጠው ክለቡ ነው። በዛሬው ደንብ «ያለ ፈቃዴ አትለውጡኝ» የሚል አንቀጽ በውሉ ላይ የሚሠራለት 27 ዓመት ሲሞላው ወይም ሰባት የውድድር ዓመት ሲጨርስ ነው። እስከዚያ ድረስ አባቱ በጁላይ 2003 የሰማውን የስልክ ጥሪ እርሱም በማንኛውም ጠዋት ሊሰማው ይችላል።